ቅልጥም ሲሰበር ለባቱም እንፍራ

ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው እግራችን ሁለት አጥንቶች አሉት። ከፊት በኩል እጃችንን ብንሰድ ወዲያው የምናገኘው ወፍራሙ ቅልጥም ነው፤ የሰውነታችንን ክብደት ከሞላ ጎደል የሚሸከመው እሱ ነው። ከውጭ በኩል በጡንቻ ውስጥ ተሸሽጎ የሚወርደው ቀጭኑ አጥንት ግን የሚሸከመው ጥቂት ነው፤ ጫፉ በቁርጭምጭሚት የውጭ ጎን እንደ ጉብታ ይታያል። ቅልጥም ፊት ለፊቱ ሥጋ የለውም፣ ቆዳ ብቻ ነው። የድንኳን ካስማ ሲመታን ነፍሳችን እስኪወጣ የሚያመን ለዚህ ነው፤ ሲሰበርም በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል።

ጡንቻዎቹ በ4 ክፍል የተከፈሉ ናቸው። የፊቶቹ ስንራመድ እግራችንን ወደ ላይ ያነሳሉ። የውጭ ጎኖቹ ወጣ ገባ መሬት ላይ እግራችን እንዳይጠመዘዝ ይይዙታል። ከኋላ ሁለት ድርብ አለ፤ የላይኛው ባት የምንለው ሲሆን በወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይያያዛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ (2000 እ.ኤ.አ.) በኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገለት በዚሁ ጅማት ነው። ጀሪካን ተሸክመን ስንሄድም ወደ ፊት የሚገፋን ይኸው ባት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሥጋ ዘልዝሎ የሚያውቅ ሰው በሥጋው ላይ ያለውን ነጭ ሽፋን ያውቀዋል፤ ስስ ነው፣ ግን ቢጎትቱት አይለጠጥም። እያንዳንዱ የጡንቻ ክፍል በእንዲህ ያለ ሽፋን ተጠቅልሏል። አጥንት ሲሰበር ደም ይፈሳል፣ ጡንቻውም ያብጣል፤ ሽፋኑ ግን እሺ አይልም። እስከ አፉ በሞላ ጆንያ ላይ ሌላ ማሽላ እንደ መጨመር ነው። ግፊቱ ሲበዛ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጉና ጡንቻው ይታፈናል። ለ6 ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

የወጌሻ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ወጌሻን ለመንቀፍ አልተነሳንም፣ ብዙዎቻችንን ያዳኑ ናቸው። ችግሩ ቀርከሃው ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው፤ ከውስጥ ሽፋኑ፣ ከውጭ ገመዱ ያንቀዋል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት አሉ። ለወጌሾች አጭር ትምህርት ተሰጥቶ ጉዳቱ መቀነሱን የሚያሳይ የኢትዮጵያ ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። እኛም ጋ ወጌሾቻችንን ሰብስቦ ማነጋገር አይከብድም።

ምልክቱ ምንድን ነው? ከስብራቱ በላይ የሆነ፣ ቢታሰርም የማይበርድ፣ እንዲያውም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው። የእግሩን ጣቶች ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱለት ይጮሃል፤ ባቱ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ በኋላም ይደነዝዛል። «ቻለው፣ ስብራት ያማል» እየተባለ ሌሊቱ የሚያልፈው ታዲያ ይህን ባለማወቅ ነው። እግሩ ሙቀት አለው፣ የደም ሥሩም ይመታል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ትልቁ ደም ሥር እየመታ ውስጡ ሊሞት ይችላል።

ይህን ካያችሁ የታሰረውን ሁሉ ፍቱ። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አታድርጉት፣ ደም እንዳያጥረው ከሰውነቱ ጋር እኩል ይተኛ። በቅቤም በዘይትም አትሹት። አጥንቱ ከወጣ ወደ ውስጥ ሳትገፉ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ደገፍ ለማድረግ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ እንጨት ከጉልበት በላይ ጀምሮ እስከ መርገጫው ይበቃል፤ ማሰሪያው ስብራቱ ላይ አይረፍ፣ ጣትም ያስገባ። ከዚያ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ነው። ቱነይድባ በ2013 ዓ.ም. ካምፕ ከሆነች ጀምሮ ያየነው ነው፤ ክረምት ላይ ዋልካው ሲጨቀይ መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ «ነገ እናያለን» አይባልም።

ወደ ሆስፒታል ከተላከ ሐኪሙ ቆዳውንና ሽፋኑን በቁመቱ ሊቀደው ይችላል። ቁስሉ ለጥቂት ቀናት ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ሲያዩት ያስደነግጣል። ቤተሰብ «ልጄን አታርዱብኝ» ብሎ እንቢ ሊል ይችላል። ያ መቅደድ ግን ለጡንቻው መተንፈሻ የሚከፍት ነው፤ እግሩ እንዳይቆረጥ የሚደረግ ነውና ፈርሙ። የአዋቂ ቅልጥም እስኪገጥም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ የልጅ ቶሎ ይድናል።