ዩኒቨርሲቲው ወደ መተማ ሲወርድ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ «ኢንፎርሜሽን ሲስተም» የሚባለውን የትምህርት ስም ሰምታችሁ ምንነቱ ሳይገባችሁ ያለፋችሁ እንደ ሆነ፤ የመተማን የሰሊጥ ገበሬ ጠይቁት። ስሙን ላያውቀው ይችላል፤ ነገሩን ግን ያውቀዋል።

መተማ ዮሐንስ ከጎንደር በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት በዚያ ስለ ሆነ ስሟን የማያውቅ ተማሪ የለም። የቈላው ሀብት ሰሊጥ፤ ጥጥና ማሽላ ነው። ገበሬው ሰሊጡን ጭኖ ገበያ ሲወጣ፤ የሩቁን ገበያ ዋጋ የሚነግረው ብዙ ጊዜ ያው ሊገዛው የመጣው ነጋዴ ነበር። እንዲህ ያለው ገበያ ለማን እንደሚያደላ መናገር አያሻም።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ሰሊጥም ከሚገበያዩበት ዋና ዋና ምርት አንዱ ሆነ። ከዚያም 929 የሚባል የስልክ ቍጥር ለሕዝብ ቀረበ። ደዋዩ በምን ቋንቋ መስማት እንደሚፈልግ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ቍልፍ ተጭኖ ይመርጥና የዕለቱን ዋጋ ይሰማል። ፊደል መቍጠር አያስፈልገውም። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለገበሬ የእርሻ ምክር የሚሰጠው 8028 በዚሁ ዘዴ ሥራውን ጀመረ።

ልብ በሉ፤ ያንን ድምፅ ያሰናዳው ሰው ብዙ ነገር መወሰን ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ የቱ ይሁን? ስምንት ምርጫ በተከታታይ ቢነበብለት፤ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ አንደኛውን የማይረሳ ማን አለ? የተሳሳተ ቍልፍ የተጫነስ እንዴት ይመለሳል? ይህን የመሰለው አሳብ «ኢንተራክቲቭ ዲዛይን» ይባላል፤ ሰውና መሣሪያ የሚነጋገሩበትን መንገድ መንደፍ ማለት ነው። ዋጋውን ከአዲስ አበባ የሚመዘግበው ማን ነው፤ በምን መንገድ ወደ ስልኩ ይደርሳል፤ ስሕተት ቢኖርበት ማን ያርመዋል የሚለው ደግሞ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ድርሻ ነው።

ይህ ትምህርት በአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመላው አፍሪካ የሚሆን የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ተቋቁሟል፤ ከመተማ የሚቀርበው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያስተምረዋል። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው በር ጠባብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ መምህራን ይህን ቍጥር የምናነበው እንደ ጋዜጣ ወሬ አይደለም፤ ከቍጥሩ በስተ ጀርባ ያሉትን ልጆች በየስማቸው እናውቃቸዋለንና።

ሌላው በር ከሩቅ መማር ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ርቀው ላሉ ሰዎች ፈተናውን የከፈተው በፈረንጆች በ1858 ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርቱን የሚያጓጕዘው ፖስታ ነበር። የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ በ1997 ሲጀመር ትምህርቱን በሳተላይት ይልክ ነበር። ዛሬ ከኪስ ስልክ ይበቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘው ሥራ የፕሮግራም አጻጻፍና የዳታ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። የካሊፎርኒያው የሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ የኢንተራክሽን ዲዛይን ትምህርቱን በኮርሴራ በኩል አውጥቶታል፤ ሲገቡ የማትሪክ ውጤት የሚጠይቅ የለም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ደስታችንን ጥቂት ገታ እናድርገው። እንዲህ ያለውን ነጻ ትምህርት ከሚጀምሩት ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ከመቶ አሥር እንኳ እንደማይሞላ በየአገሩ ታይቷል፤ ይህም መብራትና መስመር በማይጐድልበት አገር ጭምር ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛው አለበት። በስልክ መስታወት ማንበብ ቢቻልም፤ ንድፍ ለመሥራት ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። መስመሩስ? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በፖስታ የሚማር ሰው ፖስታው ቢዘገይ መጽሐፉ በእጁ ይቀራል፤ በኢንተርኔት የሚማረው ግን መስመሩ ሲጠፋ መምህሩም ቤተ መጻሕፍቱም ፈተናውም ባንድ ቀን ይጠፉበታል።

በእኔ አስተያየት ለቈላው የሚሻለው ትምህርቱን አስቀድሞ አውርዶ ማኖር ነው። «ኮሊብሪ» የሚባል በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ ትምህርቱን በአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ አከማችቶ፤ ያለ ኢንተርኔት በክፍሉ ውስጥ ላሉት ስልኮች ያድላል። በገንዳ ውሃ ወይም በመተማ ዮሐንስ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ አንድ ክፍል ቢከፈት፤ አምስት ስድስት ወጣቶች አብረው ቢቀመጡ፤ አንድ መምህርም አጠገባቸው ቢኖር የመጨረሱ ነገር ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ኮምፒዩተር አዋቂ ባይሆንም ግድ የለም፤ እንግሊዝኛውን ይፈታላቸዋል፤ የቀረውንም «ትናንት የት ነበርህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብቻውን የሚማርን ሰው ይህን የሚጠይቀው የለም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል ከተሻገሩት ሰዎች መካከልም የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ያቋረጡ ይገኛሉ። እንግሊዝኛ የሚችለው የካርቱም ተማሪና አማርኛ የሚችለው የመተማ ልጅ ባንድ ወንበር ቢቀመጡ ማን ማንን እንደሚያስተምር እንጃ።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል። የምስክር ወረቀትና ዲግሪ አንድ አይደሉም። «በኢንተርኔት ዲግሪ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሁሉ፤ ሳይከፍል በፊት ተቋሙ ለዚያው ትምህርት ፈቃድ ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጠይቅ። በፈረንጆች በ2010 መንግሥት የከፍተኛ ትምህርትን በርቀት መስጠትን እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ የተማሪው ገንዘብና ዕድሜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመር ግን መስመርም ገንዘብም የማይጠይቅ የቤት ሥራ አለ። የዚህ ሙያ አስተማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያዝዙት፤ ሰው ሥራውን ሲሠራ ተቀምጦ መመልከትን ነው። የመተማ ልጅ በጥቅምት፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ይመልከት። ሥራ የት እንዳለ ማንን ይጠይቃሉ? የቀኑን ሒሳብ ማን ይነግራቸዋል? የተነገራቸው ሐሰት ቢሆን በስንተኛው ቀን ያውቁታል? ይህን በደብተሩ ጽፎ የመጣ ተማሪ፤ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ የሚሠራው ነገር አያጣም።