ሜዳይ የሰጠው መንግሥት ሲወድቅ

ከጌጃ ሰፈር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቅ ያለ ሰው የትግላችንን ሐውልት ሳያይ አይመለስም። በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ እገዛ የተሠራ፣ በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ መታሰቢያ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ግን በዚያው ጦርነት የተዋጋው ሠራዊት ተበተነ። ሐውልቱ ተረፈ፤ ወታደሩ አልተረፈም።

ዘማቾች ለምን ይረሳሉ ሲባል ሁለት መልስ ይቀርባል፦ ድህነትና ውለታ ቢስነት። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ብዙም የማይነሳው ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱም የከበደ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የወታደር ውለታ የሚመዘገበው በሸላሚው መንግሥት ስም ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ሜዳዩም ጡረታውም አብሮ ይወድቃል።

የኮሪያ ዘማቾችን እንይ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ሲዘምት የሸኙት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ያው ዘማች ኮሚኒስት የወጋ ተብሎ ተገፋ። ዛሬ ሕክምናና ድጎማ በማግኘት ከሌሎች ዘማቾች የሚሻሉት እነሱ ናቸው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን በአብዛኛው የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና ሕዝብ ነው። ሀብታም ስለሆኑ ነው እንዳንል የቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ያቆመችላቸው ገና በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ደቡብ ኮሪያ ደሃ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እሷም መፈንቅለ መንግሥት አይታለች፤ ውለታውን የሰረዘ መሪ ግን አልመጣም።

እኛ ዘንድ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ተበተነ። ካራማራ ላይ የሶማሊያን ጦር የመለሰውም፣ በእርስ በርስ ጦርነት የተሰለፈውም በአንድ ስም «የደርግ ወታደር» ተባለ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ልምድ ያላቸው ከመካከላቸው ተጠሩ። ሙያቸው ሲያስፈልግ ተገኘ፤ ክብራቸው ግን ገና ክርክር ነው።

የሠራዊት ቀን እንኳ ከመንግሥት ጋር ከመለዋወጥ አላመለጠም። የካቲት 7 ይከበር የነበረው ወደ ጥቅምት 15 ዞሮ፣ መነሻው በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር ሚኒስቴር ሆኗል። የሁሉንም ዘመን ወታደር በአንድ ሐረግ ስለሚያስተሳስር በጎ ለውጥ ነው። ነገር ግን አንዱ መንግሥት ያዞረውን ቀን ሌላው መልሶ እንዳያዞረው ምን ያግደዋል?

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ371,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዟል። በተቃራኒ ምሽግ የነበሩትን ሁሉ በአንድ መድረክ እንሸልም ማለት ከባድ ነው፤ የልጆቻቸው ሐዘን ገና ትኩስ የሆነባቸው እናቶች በሁሉም ወገን አሉ። ሆኖም ሽልማትና መተዳደሪያ አንድ ነገር አይደሉም። እግሩን ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልገው ማን እንዳዘመተው ተጣርቶ አይደለም። አካል ጉዳቱ፣ ያገለገለበት ዘመንና የጡረታ መብቱ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው በማይሰርዘው ሕግና መዝገብ ካልተያዘ፣ ዛሬ ደረቱ ላይ ሜዳይ የሚንጠለጠልለት ወጣት ወታደርም በ1983 የተበተኑትን አይቶ ነገውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በየዓመቱ ከሚደረገው ሰልፍና ንግግር ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸው መዝገብ ነው።