ሳይቃጠል በቅጠል፡- የውኃ መሳቢያና የትራክተር ሞተርን ከመጋል መታደግ

የመኸሩ ሩዝ ተሰብስቦ ጥርና የካቲት ሲገባ በፎገራ ሜዳ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የሞተር ድምፅ ነው። በርብና በጉማራ ወንዞች ዳርቻ የተጠመዱ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ከማለዳ እስከ ምሽት ይሠራሉ። የሚያጠጡት በአብዛኛው ቀይ ሽንኩርት ነው። የሽንኩርት ሥር ወደ ጥልቀት የሚሄድ ባለመሆኑ ማሳው በየጥቂት ቀናት ልዩነት ውኃ ማግኘት አለበት። ኮረቱን በሚይዝበት ወቅት ውኃ ከተቋረጠበት የተገኘው ምርት አነስተኛ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ወቅት አንድ ሞተር ግሎ ቢቆም ጉዳቱ በሞተሩ ብቻ አይወሰንም። መለዋወጫ ተፈልጎ፣ መካኒክ ተለምኖ፣ ሞተሩ ተፈትቶ እስኪገጠም አንድ ሳምንት ካለፈ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት የወጣው ገንዘብ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። በመተማና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች ሰሊጥና ማሽላ ለመዝራት ትራክተር የሚያሰማሩ አርሶ አደሮችና ባለሀብቶችም የሚጋፈጡት ይህንኑ ችግር ነው። የሚያስቆጨው ግን አብዛኛው ጉዳት በጥቂት ደቂቃ የዕለት ክትትል ሊወገድ የሚችል መሆኑ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሞተር ከሚያቃጥለው ናፍጣ ጉልበት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው በግምት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው ደግሞ በማቀዝቀዣ ውኃ፣ በዘይትና በአየር አማካይነት መወገድ ያለበት ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት በወቅቱ ካልወጣ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ፒስተኑና ካሚቻው ያለ በቂ ዘይት ይፋተጋሉ። ፋሻው ይበላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ሲብስም ፒስተኑ ከካሚቻው ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

የደጋው ውኃ ቶሎ ይፈላል

ብዙዎች ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ዙሪያ ግን ክፍት ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር በጤናው የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑ ሲታሰብ፣ በእኛ አካባቢ በመደበኛው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ መረዳት አያዳግትም።

ይህንን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ሥራ ውኃ እንዳይፈስ መከላከል ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ሞላ ግፊትን አምቆ በመያዝ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን በጣና ዙሪያ የሚሠራን ሞተር ውኃ የመፍያ ነጥብ ከ94 ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ጠፍቶ ራዲያተሩ በጨርቅ ወይም በፌስታል ሲወተፍ ይህ ሁሉ ጥቅም አብሮ ይጠፋል። የክዳኑ ላስቲክ ሲሰነጠቅ ወይም ሞላው ሲላላ መለወጥ ሞተር ከማደስ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ሲገዛም በአሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይቶ ተመሳሳዩን መውሰድ ይገባል።

ቴርሞስታት ማውጣት መፍትሔ አይደለም

ሞተር ሲግል በየጋራዡ የተለመደው አቋራጭ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ሞተሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል» ከሚል እሳቤ የመጣ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከልክ በላይ የቀዘቀዘ የናፍጣ ሞተርም ይጎዳል። ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ይቀርና በካሚቻው ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ ወደ ታች ወርዶም ዘይቱን ያቀጥነዋል። በጭሱ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጥና በናፍጣ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋሕዶ ብረት የሚበላ አሲድ ይፈጥራል። የናፍጣ ፍጆታም ይጨምራል።

በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የጋለው ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ መጋሉ ይብሳል። ስለዚህ የሚፈለገው ሞተሩ ማቀዝቀዝ በሚቻለው መጠን ሁሉ እንዲቀዘቅዝ ሳይሆን በተሠራለት ሙቀት ላይ ጸንቶ እንዲሠራ ነው።

የቴርሞስታትን ጤንነት ለማወቅ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። በሽቦ አንጠልጥሎ በድስት ውኃ ውስጥ ማሞቅ ነው። አካሉ ላይ 82 የሚል ቁጥር ካለ ውኃው ወደዚያ ሙቀት ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ውኃው እየፈላ ካልተከፈተ ወይም ቀዝቅዞ ካልተዘጋ መለወጥ አለበት።

ገለባ፣ አቧራና ቺንጋ

በትራክተርና በኮምባይነር ላይ የመጋል ትልቁ ምክንያት የራዲያተሩ ክንፎች በገለባና በአቧራ መደፈን ነው። አየር ካላለፈ ውኃው ሞልቶም ቢሆን አይቀዘቅዝም። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ራዲያተሩን በየዕለቱ፣ ገለባው ሲበዛም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማጽዳት ተገቢ ነው። ሲጸዳ ሞተሩ ጠፍቶ መሆን አለበት። አየሩ ወይም ውኃው አቧራው ከገባበት በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማለትም ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይነፋል። ኃይሉ ከበዛ ቀጫጭኖቹን ክንፎች ስለሚያጣምም መጠን ያስፈልገዋል።

የቬንቲላተሩ ቺንጋም በየጊዜው መታየት አለበት። መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ለአብዛኞቹ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ እየተንሸራተተ ቬንቲላተሩንና የውኃ ፓምፑን ያዘገያቸዋል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታቸውን ይበላል።

የሚሞላው ውኃ

ከወንዝ በጀሪካን ተቀድቶ የሚሞላ ውኃ ደለል ያስገባል። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጀበና ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ይህ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል። የተጣራ ውኃ ማግኘት ካልተቻለ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከወንዙም ከጉድጓዱም ይሻላል። አምራቹ የሚያዘውን ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል።

ራዲያተር የሌላቸውና ከላይ ክፍት የውኃ ቋት ያላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ውኃው እየተነነ በመሆኑ እንፋሎት ማውጣታቸው የጤና ነው። ለእነሱ ወሳኙ ውኃው ሳያልቅ መጨመር ነው። በአየር የሚቀዘቅዙት ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ በሲሊንደራቸው ዙሪያ ያሉት ክንፎች ከጭቃና ከዘይት መጽዳት አለባቸው። የቬንቲላተሩ ቆርቆሮ ሽፋን አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የሚመራ ስለሆነ «አየር እንዲያገኝ» ተብሎ መነሳት የለበትም።

ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ አታስቀምጡ

የወንዙ ውኃ ሲሸሽ ሞተሩን በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ የተለመደ ነው። እዚያ ውስጥ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ስለሚስብ በፍጥነት ይግላል። ከዚህ የከፋው ግን የሰው ሕይወት ነው። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሞተር ለማስነሳት ወይም ለማጥፋት የወረደን ሰው ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። እሱን ለማዳን የሚወርደውም በዚያው ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ነፋስ በሚያገኝ ገላጣ ቦታ ላይ ሆኖ ከላይ ብቻ የዳስ ጥላ ቢደረግለት ለማሽኑም ለሰውም ይበጃል።

ሲግል ምን ይደረግ?

የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ መጀመሪያ ሥራውን ማቅለል ነው፤ ማረሻውን ማንሳት፣ የፓምፑን ሞተር ፍጥነት መቀነስ። ውኃው ካልጎደለ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ውኃው ከፈሰሰ ወይም መለኪያው ካልወረደ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል።

የጋለ ራዲያተርን ክዳን መክፈት ፊትና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ ክዳኑ በእጅ ሲነካ መቀዝቀዙን አረጋግጦ መክፈት ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የማያቋርጥ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ስለሚያመለክት መካኒክ ሳያየው መሥራት የለበትም።

ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ውኃውን፣ ዘይቱን፣ ቺንጋውንና የራዲያተሩን ፊት ለማየት 10 ደቂቃ ይበቃል። ማታም ከባድ ሥራ የሠራን ሞተር ወዲያው ከማጥፋት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለ ጭነት አሠርቶ ማሳረፍ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሽንኩርቱ ውኃ ሲጠማ መካኒክ ፍለጋ ከመሮጥ ሞተሩን በጤናው መጠበቅ ይቀላል።