የመረጃ ደኅንነትና የቴአትር ጥበባት ትምህርት፦ በካፋ ዞን ሁኔታ ሲታይ

መግቢያ

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። በከተማይቱ አስቀድሞ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የነበረ ሲሆን፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። አዲስ ከፍተኛ ተቋም በተከፈተበት አካባቢ ሁሉ፣ በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ በመሆኑ፣ «የትኛው የትምህርት ዘርፍ ይቅደም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በሥራ ላይ የዋለው የምደባ አሠራር ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ሰጥቶ ነበር፤ ይኸውም ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት ተማሪዎች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 እጅ የሚሆኑት ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ጥናቶች እንዲመደቡ የሚያደርግ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ የመረጃ ደኅንነት ትምህርት የግድ የሚያስፈልግ፣ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ግን ቢቀር የማይጎዳ ትርፍ መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን ትምህርቶች ምንነት በአጭሩ ማስረዳትና፣ እንደ ካፋ ባለ አካባቢ አንደኛው ያለ ሌላው ሙሉ ውጤት የማያስገኝበትን ምክንያት ማሳየት ነው።

የመረጃ ደኅንነት ትምህርት

ይህ ትምህርት በሦስት መሠረታዊ ዓላማዎች ላይ የቆመ ነው። እነዚህም መረጃ ላልተፈቀደለት ሰው እንዳይገለጥ፣ ይዘቱ ያለ ሥልጣን እንዳይለወጥ፣ ለባለመብቱም በሚፈለግበት ጊዜ እንዲገኝ ማድረግ ናቸው። ለመምህራን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የተማሪዎች ውጤት የተመዘገበበት ሮስተር ነው። ሮስተሩን ማንም እንዳሻው የሚያየው ከሆነ የመጀመሪያው፣ አንድ ሰው 48 የነበረውን ነጥብ 84 ቢያደርግ ሁለተኛው፣ በምዝገባ ዕለት ቢጠፋ ደግሞ ሦስተኛው ዓላማ ፈርሷል። ሮስተሩ በወረቀትም ይሁን በኮምፒዩተር ቢያዝ መሠረተ ሐሳቡ አይለወጥም።

በኮሌጅ ደረጃ ተማሪው የኮምፒዩተር መረብን አሠራር፣ ፕሮግራም አጻጻፍን፣ የምስጠራ ዘዴዎችንና የአደጋ ሥጋት ትንተናን ይማራል። ሕጉንም ማወቅ ይገባዋል። በአገራችን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የመሣሪያ ብቻ አለመሆኑን የትምህርቱ ዓለም በራሱ ላይ ከደረሰው ተምሯል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨታቸው ፈተናው ተሰርዞ ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ተሰጥቷል። ለዓመታት የደከሙ ተማሪዎች የከፈሉት ዋጋ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉም፣ ጥበቃ በቅድሚያ የሰዎችና የአሠራር ጉዳይ መሆኑን ያመለክታል።

የቴአትር ጥበባት ትምህርት

ዘመናዊ ቴአትር በኢትዮጵያ ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ወዲህ፣ በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው በሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት አድጓል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተቋቋመው በ1970ዎቹ መግቢያ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱን ጀምረዋል።

ተማሪው የተውኔት አጻጻፍን፣ ትወናን፣ ዝግጅትን፣ የመድረክ ግንባታን፣ የመብራትንና የአልባሳትን ሥራ ይማራል። የትምህርቱ እምብርት ግን የሰውን ጠባይ ማጥናት ነው። ተዋናዩ ስለሚጫወተው ገጸ ባሕርይ «ምን ይፈልጋል? ምን ይደብቃል? በየትኛው ቃልና በምን ዓይነት ድምፅ ያሳምናል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል። የቡናውን ዋጋ በስልኩ የተቀበለን አንድ የካፋ ገበሬ በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ የማይታወቅ ሰው ይደውልለታል፤ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ይላል፤ ድምፁ የተረጋጋና ትሕትና የተሞላ ነው፤ ሒሳቡ ሊዘጋ መሆኑን ነግሮ ያጣድፈዋል፤ በመጨረሻም የምስጢር ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ገበሬው ቁጥሩን ከሰጠ፣ በረቀቀ ስሌት የተሠራው ቁልፍ ሳይሰበር በሩ ከውስጥ ተከፍቷል ማለት ነው። አታላዩ የተጠቀመው በኮምፒዩተር ዕውቀት ሳይሆን በትወና ነው።

እንዲህ ያለውን ማታለል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ መከላከል አይቻልም። የተታለለ ሰው ስለሚያፍር የደረሰበትን ይሸሽጋል፤ በመሆኑም ጎረቤቱም በዚያው መንገድ ይታለላል። ቴአትር ግን ስለ ሌላ ሰው ስሕተት ያለ ኀፍረት ለመወያየት ዕድል ይሰጣል። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው ዘዴ ለዚህ ይስማማል። በዚህ ዘዴ ጨዋታው ችግሩ በተባባሰበት ላይ ይቆማል፤ ከተመልካቾች አንዱ ወደ መድረክ ወጥቶ የተበዳዩን ቦታ በመያዝ የተለየ መልስ ይሞክራል። በካፊኖኖና በአማርኛ የተዘጋጀ የ10 ደቂቃ ጨዋታ በገበያ ቀን ወይም በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢታይ፣ ሰዎች «አይሆንም» የሚለውን ቃል አስቀድመው በአንደበታቸው ይለማመዱታል።

በአንጻሩ ቴአትሩ የባለሙያውን ዕውቀት ይፈልጋል። የማታለያውን ስልት በትክክል ያላወቀ ደራሲ የሚጽፈው ተውኔት ደረቅ ስብከት ይሆናል፤ ወይም የተሳሳተ ምክር ያስተላልፋል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ሁለቱም የተግባር ትምህርቶች ናቸው። የመረጃ ደኅንነት የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የመለማመጃ ላቦራቶሪ፣ ቴአትር የመለማመጃ አዳራሽና አነስተኛ የተማሪ ቁጥር ይሻሉ። በጽሑፍ ፈተና ብቻ የሚመዘን ተማሪ በሁለቱም ዘርፍ ብቁ ሊሆን አይችልም። ሁለት ሙሉ የትምህርት ክፍሎችን በአንድ ጊዜ መክፈት ለማይቻልበት ተቋም፣ የኮምፒዩተር ተማሪዎችና የቋንቋ ወይም የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በአንድነት የሚወስዱትን አንድ የጋራ ኮርስ ማዘጋጀት የተሻለ መነሻ ነው። በትምህርት ቤቶችም ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሥራውን ሊጀምሩ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የትምህርት ዘርፎችን በመቶኛ ማከፋፈል ለዕቅድ ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ዘርፍ ለሌላው የሚያበረክተውን አያሳይም። የመረጃ ደኅንነት ባለሙያው ቁልፉን ይሠራል፤ የቴአትር ባለሙያው ቁልፉን የያዘው ሰው በሩን ለማን እንደሚከፍት እንዲያስተውል ያደርጋል። በካፋም ሆነ በሌላ አካባቢ ዕቅድ የሚያወጣ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ከመሠረዙ በፊት ይህን ሊመዝን ይገባዋል።