ጥቂት ጥቂቱን፣ ከውኃ ዳር

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ማርያም ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። በስሟ በተጠራው የአዲስ አበባ ሰፈርም ሆነ በሌላው መንደር ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። አንዷ ንፍሮ፣ ሌላዋ ዳቦ፣ ሌላዋ ጠላ ይዛ ትመጣለች፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል። እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነው ተብሎ ስለሚታመን የግንቦት ልደታ ማዕድ የሚቀርበው ከደጅ ነው። ሁሉም ከመጣው ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ይጫወታል።

ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው ለዕረፍት ወደ ስፔን የባሕር ዳርቻ ቢሄድ ታፓስ ቤት ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። «ታፓ» በስፓኒሽ ክዳን ማለት ነው። ስለ መነሻው በብዛት የሚተረከው፣ ዝንብ እንዳይገባ በወይን ጠጅ ብርጭቆ አፍ ላይ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሥጋ ይከደን ነበር ተብሎ ነው። ዛሬ ታፓስ የሚባሉት በትንንሽ ሳህን የሚቀርቡ ምግቦች ናቸው፦ የወይራ ፍሬ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሽሪምፕ፣ በድንች የተሠራ ኦምሌት፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ። ብዙ ሆነው የመጡ ሰዎች «ራሲዮን» የሚባለውን ትልቁን ሳህን አዘው ይካፈላሉ።

በግራናዳ ከተማ መጠጥ ላዘዘ ሰው ታፓው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣለታል። በሰሜን፣ በባስኮች ከተማ በሳን ሴባስቲያን ደግሞ «ፒንቾ» የሚባል አለ፤ ብዙውን ጊዜ በስንጥር ተወግቶ የሚቀርብ፣ የአንድ ጉርሻ ያህል ምግብ ነው። አንዳንድ ቤቶች ሒሳብ የሚያወጡት የቀሩትን ስንጥሮች ቆጥረው ነው። ተመጋቢው አንዱን ቤት ቀምሶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ጓደኛሞችም ተራ በተራ ይገባበዛሉ።

ባሕር በሌላት ኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለው የውኃ ዳር ገበታ የምትቀርበው ከተማ ሐዋሳ ናት።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የደረሰ ሰው ማለዳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ቢወርድ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ያገኛል። ዓሣው እዚያው ይቀረፋል፣ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣልላቸውን እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ከሐዋሳ ሐይቅ በብዛት የሚወጣው ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ።

ከአንድ ዓሣ ስንት ዓይነት ምግብ እንደሚወጣ የሚታየው ገበታው ላይ ነው። ቆሮሶ ሙሉውን በቢላ ተተልትሎ በዘይት ይጠበሳል። ሥጋው ብቻ ሲሆን ጉላሽ፣ ክትፎ፣ ዱለት ወይም ለብለብ ይሠራበታል፤ ከቀረው ደግሞ ትኩስ ሾርባ ይወጣል። አራት ሆነው የሄዱ ሰዎች ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከሚያዙ በሾርባው ጀምረው፣ ቀጥሎ ጥብሱን፣ ከዚያ ጉላሹን ቢያስመጡ ይሻላቸዋል፤ የተጠበሰ ዓሣ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። ጥሬ ዓሣ በዳጣ እያጠቀሱ የሚበሉም አሉ። ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል፣ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ሴቶች በደንብ የበሰለው ይመረጣል።

ከማዘዝ በፊት አብሮ የተቀመጠውን መጠየቅም ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን በየገበታው አለ። የማይበላ ሰው ካለ ሽሮ ወይም በያይነቱ ከጎን ታዞ ሁሉም አብሮ ይቆርሳል።

ከአንድ ትሪ መካፈል ለሐይቁም ይበጃል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከከተማዋ በጎርፍ የሚገባው ቆሻሻ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ዐይኑ ጠባብ በሆነ መረብ የሚያዘው ቆሮሶ ደግሞ ገና እንቁላል ሳይጥል ገበያ ይወጣል። ስለዚህ አሞራ ገደል የሚወርዱ አራት ጓደኛሞች፣ መዳፍ የማይሞሉ አራት ዓሣዎችን በየግላቸው ከሚያስጠብሱ፣ ያደገውን አንዱን መርጠው፣ ጉላሽና ሾርባ ጨምረው፣ ከአንድ ትሪ ቢካፈሉት ይጠግባሉ፤ ትንንሾቹም ለመራባት ጊዜ ያገኛሉ።