ፎቶ ዛሬም ይታጠባል

ዲጂታል ካሜራ 50 ዓመት ሞላው። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቭ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ላይ የሞከረው የመጀመሪያው መሣሪያ 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ጥራቱ 0.01 ሜጋፒክስል ሲሆን፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ አጀማመሩ ይህ ይብቃን። ፎቶን ከሥራ ሰዓት ውጭ በፍቅር ለያዝን ሰዎች ትልቁ ለውጥ እየመጣ ያለው አሁን ነው።

ከካሜራው እንጀምር። ባለ መስታወቱ ዲኤስኤልአር ዘመኑ አልፏል ማለት ይቻላል። ፓናሶኒክ በ2008 ሚረርለሱን (መስታወት አልባውን) ጂ1ን፣ ሶኒ በ2013 ባለ ሙሉ ፍሬሙን ኤ7 አወጡ፤ በ2018 ደግሞ ካኖንና ኒኮን የየራሳቸውን ባለ ሙሉ ፍሬም ሚረርለስ ይዘው ገበያ ገቡ። ሚረርለስ የሰው ዓይን ፈልጎ ፎከስ ያደርጋል፤ ሹተሩን ሳይጫኑ ፎቶው ምን ያህል እንደሚደምቅ ወይም እንደሚጨልም በመመልከቻው ያሳይዎታል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ አስተማሪ ነው።

ገንዘቡ ለማይበቃው ሰው ግን የምመክረው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሚረርለስ ሲዞር ያገለገለ ዲኤስኤልአር ረከሰ። ከዱባይም ይምጣ ከአሜሪካ፣ በዘመድ ሻንጣ የገባ አንድ ደህና ካሜራ ለዓመታት ያገለግላል። ሲገዙ ሹተሩ ስንት ምት እንደመታ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ምት እንዲችሉ ነው። ሌንሱን ወደ መስኮት አቅንተው ውስጡን ይዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነውና ይተዉት። ሌንስ ሲመርጡ ሁሉም 50 ሚሊሜትር ይላል። ነገር ግን ከሙሉ ፍሬም ባነሰ ሴንሰር ላይ 50ው እንደ 75 ወይም 80 ስለሚያጠብ፣ ሳሎን ውስጥ ቡና ሲፈላ ለማንሳት ወደ ኋላ ሲሉ ጀርባዎ ግድግዳ ይነካል። ለቤት ውስጥ 35 ይሻላል።

ማክሮ፣ የሌሊት ሰማይና ድሮን የየራሳቸው አፍቃሪ አላቸው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚስበኝ የሰው ፊት ስለሆነ አልፋቸዋለሁ። የስልክ ካሜራን ግን መናቅ አይገባም። ጎግል በ2018 ፒክስል ስልኮቹ ላይ ያመጣው የጨለማ ማንሻ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ አንድ የሚያደርግ ሲሆን፣ ትልቅ ካሜራ የያዝነውን ሁሉ አስደንግጦናል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። አማርኛችን ፎቶን ያነሳል፣ ከዚያ ያጥባል። ፊልም ይዘን ፎቶ ቤት ስንሄድ «አሳጥበው» እንባል ነበር። ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ሮው ፋይልም ያልታጠበ ፊልም ማለት ነው፤ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የምናደርገውም ያንኑ እጥበት ነው።

ለምሳሌ የጥምቀት ዕለት፣ ጃንሜዳ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይሁን እንበል። ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፣ ሜዳው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው «በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠይሙ ፊት ጠቁሮ ዓይኑ ይጠፋል። ለፊቱ ብለው ብርሃን ቢጨምሩ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ፈትሉም ጥለቱም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል።

መውጫው ሮው ነው። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ስለዚህ ነጠላው እንዳይቃጠል ብርሃኑን እቀንሳለሁ፤ የካሜራው ማያ ላይ ነጩ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ድረስ። ፊቱ ይጨልማል፤ ይጨልም። ቤት ስገባ ጥላውን ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ። ከልክ በላይ ከተነሳ ቆዳው አመድ ይመስላል። ከቀይ ጃንጥላ ሥር የቆመች ሴት ፊቷ ላይ ቅላት ይወርድባታል፤ ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም፣ እዚያ የነበረ ብርሃን ነውና። ከኢንተርኔት የሚወርዱ ዝግጁ ቅንብሮችን ትቻለሁ፤ ብዙዎቹ የኛን ጠይምነት ብርቱካን ያደርጉታል።

ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ፎቶግራፈር ፖል ሃንሰን ጋዛ ውስጥ ያነሳው የቀብር ፎቶ በ2013 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ሲባል፣ «ከብዙ ፎቶ የተገጣጠመ ነው» የሚል ክስ ተነሳበት። ባለሙያዎች ሮው ፋይሉን ከታተመው ጋር አስተያይተው ብርሃንና ቀለሙ መስተካከሉን፣ ነገር ግን ምንም አለመገጣጠሙን አረጋገጡ። ያዳነው ሮው ፋይሉ ነው። በ2015ቱ የዚሁ ውድድር ወደ መጨረሻው ዙር ከተጠጉት ፎቶዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ ባለፈ ኤዲት ተሰረዙ። በዚያው ዓመት ሮይተርስ የፍሪላንስ ፎቶግራፈሮቹን ከሮው የተሠራ ፎቶ እንዳይልኩ ከለከለ። ለፍጥነትም ለእውነትም አስቤ ነው ብሏል፤ ስለ ፍጥነቱ እስማማለሁ። ስለ እውነቱ ግን ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ጄፔግ ያልተነካ ፎቶ አይደለም፤ ካሜራውን የሠሩት መሐንዲሶች በራሳቸው ምርጫ አስቀድመው ያጠቡት ነው። ደግሞስ ምስክር ነኝ የማይል ፎቶ ለምን ይከሰሳል? በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ ፊታቸው በቀለም የተቀባ ሴቶችን በደማቅ ቀይና ሰማያዊ አቀናብራ ስታነሳ ማንንም አታታልልም።

በ2023 ግን ጉዳዩ ተለወጠ። በሚያዝያ አካባቢ ላይትሩም የሌሊት ፎቶን ነጠብጣብ የሚያጠራ ኤአይ አገኘ፤ በሻማ ብርሃን ያነሳኋቸውን የሌሊት ፎቶዎች ስላዳነልኝ አመሰግነዋለሁ። በዚያው ሰሞን ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በኤአይ የሠራው ምስል የሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶ ሽልማት ሲያሸንፍለት ኤአይ ፎቶግራፍ አይደለም ብሎ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። ብዙም ሳይቆይ ፎቶሾፕ የጎደለውን ራሱ ፈጥሮ መሙላት ጀመረ። በጥቅምት ደግሞ ላይካ ኤም11-ፒ ፎቶው በየትኛው ካሜራ እንደተነሳና ምን እንደተለወጠበት የሚመሰክር ዲጂታል ፊርማ ይዞ ወጣ። ከሁሉ በላይ ተስፋ የምጥልበት ይህ ፊርማ ነው፤ ርካሽ ካሜራዎችም ላይ ቶሎ ቢደርስ እወዳለሁ።

ካሜራ በያዝኩባቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት የማነሳው በጄፔግ ብቻ ነበር። ከነዚያ ፎቶዎች በአንዱ አክስቴ ጃንሜዳ ቆመው ይስቃሉ። ፊታቸው ግሩም ወጥቷል፤ ነጠላቸው ግን ከትከሻቸው ጀምሮ ተቃጥሎ ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኗል። አክስቴ አርፈዋል። ባለፈው ሳምንት ያንን ፎቶ ፎቶሾፕ ላይ ከፍቼ የተቃጠለውን ቦታ መረጥኩና ሙላ አልኩት። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያማረ ጥለት ያለው ነጠላ መጣ፤ አረንጓዴና ወርቃማ። የአክስቴ ጥለት ሰማያዊ ነበር። ሳላስቀምጠው ዘጋሁት።