በታይላንድ መፈንቅለ መንግሥት የሚካሄደው ለማን ጥቅም ነው?

የአንድ ዕድር አባላት በድምፅ ብልጫ አዲስ ዳኛ በመረጡ ቁጥር የቀድሞው ዳኛ ዱላ የያዙ ዘበኞቹን አስከትሎ መዝገቡን ቢነጥቅ፣ መተዳደሪያ ደንቡን ቀዶ ሌላ ቢጽፍ፣ በአዲሱም ደንብ መጨረሻ ላይ «ደንቡን የቀደደ አይጠየቅበትም» የሚል አንቀጽ ቢያስገባ፣ አባላቱ ነገሩን «አለመረጋጋት» ብለው አይጠሩትም። ትክክለኛ ስሙን ያውቁታል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ በምትገኘው ንጉሣዊት አገር በታይላንድ ግን ይኸው ድርጊት ከ90 ዓመት በላይ ሲፈጸም ኖሮ፣ የምዕራቡ ዓለም ዜና ማሠራጫዎች «የፖለቲካ አለመረጋጋት» ከማለት በቀር ሌላ ስም አላወጡለትም።

ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብንወስድ፣ ከ1932 ወዲህ በዚያች አገር የተሳኩት መፈንቅለ መንግሥታት ብቻ ከ10 በላይ ናቸው። የከሸፉት ሲጨመሩ ቁጥሩ እጥፍ ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም። በ2017 የወጣው ሕገ መንግሥት 20ኛው ነበር። ጄኔራል በጄኔራል፣ ሕገ መንግሥት በሕገ መንግሥት ሲተካ የኖረበትን ይህን ታሪክ ስንመረምር ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ «ማን ተገለበጠ?» የሚለው አይደለም። ይህ ሁሉ ሲገለባበጥ ሳይነካ የኖረው ምንድን ነው?

የጥንቷ ሲያም በቅኝ ገዢዎች እጅ ሳትወድቅ መኖሯን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልቡ ወደ እርሷ መሳቡ አይቀርም። ይሁን እንጂ ነፃነቱ የራሱ ዋጋ ነበረው። በ1855 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የቦውሪንግ ውል መሠረት ሲያም በገቢ ዕቃ ላይ ከመቶ 3 በላይ ቀረጥ እንዳትጥል ታገደች። የእንግሊዝ ዜጎችም በሲያም ዳኛ ፊት አይቀርቡም ነበር። በዚህ ሁኔታ ሩዝ ወደ ውጭ ይጎርፍ ጀመር። ከንግዱ የሚገኘው ሀብት በቤተ መንግሥቱ፣ በከፍተኛ ሹማምንቱና በባንኮክ ነጋዴዎች እጅ ሲከማች፣ ሩዙን የሚያመርተው ገበሬ ከጭቃው አልወጣም።

ፍጹማዊው የዘውድ አገዛዝ የወደቀው ሰኔ 24 ቀን 1932 ጎሕ ሲቀድ ነው። የሕዝብ ፓርቲ በሚል ስም የተሰባሰቡ መኮንኖችና የሲቪል ምሁራን ባንኮክን ያለ ደም መፋሰስ ያዙ። በንጉሡ አደባባይ አዋጃቸው የተነበበበት ቦታ ላይ በኋላ አንዲት ክብ የነሐስ ሰሌዳ ከመሬቱ ጋር ተገጠመች። ከመሪዎቹ አንዱ በፈረንሳይ ሕግ ያጠናው ፕሪዲ ፓኖምዮንግ፣ መንግሥት የእርሻ መሬትን ገዝቶ ለገበሬው ሥራና ደመወዝ የሚሰጥበትን የኢኮኖሚ ዕቅድ በ1933 አቀረበ። ወዲያው «ኮሙኒስት» ተብሎ ለጊዜው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ነገሩን በጥሞና ስናየው የ1932ቱ ለውጥ ድክመት እዚሁ ላይ ነበር። ገበሬው አልተጠራም፣ አልተደራጀም፤ ለውጡን በሬዲዮ ሰማ፣ ብዙውም አልሰማም። ሕዝብ ያልያዘውን ሥልጣን መሣሪያ የያዘ ይወስደዋል። በዚያው በ1933 ጥቅምት ወር የዘውድ ደጋፊዎች ሲያምጹ አመፁን የሰበረው ሠራዊት፣ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ዳኛ እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። በ1947 ደግሞ ባካሄደው መፈንቅለ መንግሥት ፕሪዲ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የሞተውም በ1983 ፓሪስ ውስጥ ነው።

የታይላንድ ጄኔራሎች ዛሬ የሚታወቁበትን መልክ የያዙት ግን በማርሻል ሳሪት ታናራት ዘመን ነው። ሳሪት በ1957 የቀድሞ አለቃውን ማርሻል ፊቡንን ገለበጠ፤ በ1958 ደግሞ ራሱ ያቋቋመውን መንግሥት ገልብጦ ፓርላማውን ዘጋ፣ ፓርቲዎችን አገደ። እርሱ ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው አንድ ነገር ነበር። የጠመንጃ አገዛዝ ዕድሜ እንዲኖረው ሁለት ምርኩዝ ያስፈልገዋል። አንዱ ከ1932 ወዲህ ጥላ ውስጥ የነበረው ዘውድ ሲሆን ሁለተኛው የአሜሪካ ዶላር ነው። የቤተ መንግሥቱን ሥነ ሥርዓትና ክብር መልሶ አጎላ። ለዋሽንግተን ደግሞ የጸረ ኮሙኒስት ጦር ሰፈር ሆነላት። በኮሪያ ጦርነት የታይላንድ ወታደሮች እንደ እኛው ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ አዝማችነት ተሰልፈው እንደነበር አንባቢያን ያስታውሱ ይሆናል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ግን ጦር ሰፈሩ ራሷ ታይላንድ ሆነች። ከኡታፓኦ፣ ከኡዶርንና ከኮራት የአየር ጣቢያዎች የሚነሡ አውሮፕላኖች በጎረቤት ሕዝቦች ላይ ቦምብ ያዘንቡ ነበር። ሳሪት በ1963 ሲሞት ወራሾቹ ተጣልተው ፍርድ ቤት ቀረቡና ሀብቱ ሲመረመር ከ2 ቢሊዮን ባት በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለ ንጽሕናና ስለ ሥርዓት አብዝቶ ይናገር የነበረው ይኸው ሰው ነው።

የሳሪት ወራሾች ታኖምና ፕራፋት መንግሥቱን የቤተ ዘመድ ንብረት አደረጉት። የታኖም ልጅ ኮሎኔል ናሮንግ የፕራፋት ሴት ልጅ ባል ነበር። በጥቅምት 1973 ሕገ መንግሥት ይውጣልን የሚል ወረቀት ያደሉ 13 ሰዎች በመታሰራቸው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ተማሪና ነዋሪ የባንኮክን ጎዳና ሞላ። ጥቅምት 14 ቀን ወታደሩ ተኩሶ 77 ሰው ገደለ፤ ሦስቱ ገዢዎች ግን ከአገር ሸሹ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሦስት ዓመታት በልዩ ትኩረት ልናያቸው ይገባል። በታይላንድ ታሪክ ሠርቶ አደሩ በራሱ አንደበት የተናገረባቸው ጥቂት ጊዜያት ናቸውና። ገበሬዎች በ1974 አገር አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቁመው የመሬት ኪራይን የሚወስን ሕግ እንዲወጣ አስገደዱ። በባንኮክ የሐራ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች ፋብሪካውን ይዘው ሱሪውን ራሳቸው እየሰፉ ራሳቸው ሸጡ። የገዢው መደብ መልስ ምን ነበር? የገበሬ መሪዎች እየታደኑ ተገደሉ። «ቀይ ጎሽ»፣ «ናዋፖን» እና «የመንደር ስካውት» የተባሉ የቀኝ ክንፍ ድርጅቶች በሹማምንት ድጋፍ ተስፋፉ። አንድ ታዋቂ መነኩሴ ኮሙኒስት መግደል ኃጢአት አይደለም እስከ ማለት ደረሰ።

በመስከረም 1976 ታኖም የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። መመለሱን የሚቃወም ጽሑፍ የለጠፉ ሁለት የመብራት ኃይል ሠራተኞች ናኮን ፓቶም ላይ ተሰቅለው ተገኙ። የታማሳት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ግድያ የሚያሳይ ትርዒት ሲያቀርቡ፣ የቀኝ ክንፍ ጋዜጦች «የተሰቀለው ምስል አልጋ ወራሹን ይመስላል» ብለው ፎቶግራፉን አተሙ። የጦር ሠራዊቱም ሬዲዮ ሕዝቡን ለበቀል ቀሰቀሰ። ጥቅምት 6 ቀን ጎሕ ሲቀድ የድንበር ጠባቂ ፖሊስና የቀኝ ክንፉ ጭፍራ በግቢው ላይ ተኩስ ከፈቱ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ለማምለጥ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ውስጥ ዘለሉ። የሌሎቹ ሬሳ በአቅራቢያው ባለው ሜዳ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሲደበደብ በፎቶግራፍ ተቀርጿል። መንግሥት ያመነው የሟች ቁጥር 46 ነው። በዚያው ዕለት ማታ ጄኔራሎቹ «ሥርዓት ለማስከበር» ሥልጣን ያዙ። በ1978 የምሕረት ሕግ ወጣ። ተከሰው የነበሩት ተማሪዎች በዚህ ሕግ ሲለቀቁ፣ ገዳዮቹም አብረው ነፃ ወጡ። ከገዳዮቹ ለፍርድ የቀረበ አንድም የለም። በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣቶች ጫካ ገብተው ከኮሙኒስት ፓርቲው ተዋጊዎች ጋር ተቀላቀሉ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የተደረገው ታኒን የተባለ ዳኛ ወደ ዴሞክራሲ የሚያደርስ የ12 ዓመት ዕቅድ አወጣ። እርሱ ራሱ በሥልጣን ላይ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1977 ጄኔራሎቹ መልሰው አነሡት!

ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል? የታይላንድ መፈንቅለ መንግሥት የራሱ ወግና ልማድ አለው። በቅድሚያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይያዛሉ። ሠራዊቱ የራሱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ በባንክም ድርሻ የነበረው ባለ ሀብት እንጂ ደመወዝ ጠባቂ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱ ይሰረዛል፣ በጊዜያዊው ሕግ ውስጥም ገልባጮቹ ለራሳቸው ምሕረት ያደርጋሉ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1953 ሥልጣንን በተሳካ ሁኔታ የያዘ ሁሉ ሕግ የማውጣት መብት አለው ብሎ ስለፈረደ፣ የሕግ ጭንቅ የለባቸውም። ከዚያ በኋላ በሹመት የሚሞላ ሸንጎ አዲስ ሕገ መንግሥት ያረቃል። ወሳኙ ነገር ግን የቤተ መንግሥቱ ይሁንታ ነው። በሚያዝያ 1981 ወጣት ኮሎኔሎች ባንኮክን ከያዙ በኋላ የከሸፉት፣ ንጉሣዊው ቤተሰብ ከጠቅላይ ሚኒስትር ፕሬም ጋር ወደ ኮራት በመሄዱ ነው። ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን ወይም አልጋ ወራሹን ሰደበ የተባለ ሰው ደግሞ በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ 112ኛ አንቀጽ ለእያንዳንዱ ቃል ከ3 እስከ 15 ዓመት ይፈረድበታል። ስለዚህ ከሥርዓቱ አምዶች ዋነኛውን በአደባባይ መተንተን ራሱ ወንጀል ነው።

በ1991 ጄኔራል ሱቺንዳ የመራው ግልበጣ በግንቦት 1992 በባንኮክ ጎዳናዎች ላይ በደም ከተደመደመ በኋላ ጄኔራሎቹ ወደ ጦር ሰፈራቸው የተመለሱ መሰሉ። በ1997 የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ሕገ መንግሥት እስከ መባል ደርሶ ነበር። በዚሁ ሥርዓት በ2001 የተመረጠውን ታክሲን ሺናዋትራን የድሃ ጠበቃ አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። ታክሲን በቴሌፎን ንግድ የከበረ ከበርቴ ነው። በ2003 «በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ዘመቻ» ሲባል በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ሺሕ በላይ ሰው የተገደለው በእርሱ አገዛዝ ነው። በ2004 በታክ ባይ 85 ሙስሊም ሰልፈኞች ያለቁትም በእርሱው ዘመን ነው፤ አብዛኞቹ በወታደር መኪና ላይ ተደራርበው ታፍነው ሞቱ። ነገር ግን በ30 ባት የሚታከሙበትን የጤና አገልግሎት ዘረጋ፣ ለየመንደሩም አንድ ሚሊዮን ባት የብድር ገንዘብ መደበ። የሰሜን ምሥራቁ የኢሳን ገበሬና ባንኮክ መጥቶ ታክሲ የሚነዳው፣ ሕንፃ የሚገነባው ልጁ ድምፅ ዳቦ ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። በ2005 ከ500 መቀመጫ 377ቱን ሰጡት። ጄኔራሎቹን ያስፈራቸው ታክሲን ብቻ አይደለም። መራጩ የድምፁን ዋጋ ማወቁ ነው። መስከረም 19 ቀን 2006 ታክሲን ኒው ዮርክ ሳለ ታንኮቹ ወጡ። ሥልጣን መያዛቸው በቴሌቪዥን ሲታወጅም ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ ተጠየቀ!

መራጩ ግን አልተመለሰም። ፓርቲው በፍርድ ቤት ሲፈርስ በሌላ ስም የቆመውን በ2007 መረጠ፤ እርሱም በ2008 ፈረሰ። በ2010 ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ባንኮክ ላይ ሲሰለፍ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ሲቪሎች ነበሩ። በ2011 የታክሲንን እኅት ይንግላክን መረጠ። ግንቦት 22 ቀን 2014 ጄኔራል ፕራዩት ቻን ኦቻ ተቀናቃኝ ወገኖችን ለሽምግልና ብሎ ጠርቶ፣ አልተስማማችሁም በማለት እዚያው አሰራቸውና ሥልጣን ያዘ። ሽማግሌው ሸንጎውን ከነባለጉዳዮቹ ወሰደ ማለት ነው። በ2017ቱ ሕገ መንግሥትም በጄኔራሎቹ የተመረጡ 250 ሴናተሮች ጠቅላይ ሚኒስትር በመምረጥ እንዲካፈሉ ተደረገ።

ይህ የመጨረሻው ዘዴ ታንክ እንኳ አያስፈልገውም። በግንቦት 2023 የወጣቶችና የከተማ ሠራተኞች ድጋፍ ያገኘው ወደ ፊት ተጓዥ ፓርቲ 151 መቀመጫ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሴናተሮቹ ግን መሪውን ፒታን ከለከሉት። በነሐሴ 2024 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ 112ኛውን አንቀጽ ለማሻሻል ማሰቡን እንደ ወንጀል ቆጥሮ ፓርቲውን አፈረሰ። ጄኔራሎች ሲገለብጧቸው የኖሩት የታክሲን ሰዎች ደግሞ በ2023 ከእነዚሁ ጄኔራሎች ፓርቲዎች ጋር መንግሥት መሠረቱ። ከመራጩ ጀርባ የተደረገው ይህ ስምምነት ያተረፈላቸው ጥቂት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታን በነሐሴ 2024፣ የታክሲንን ልጅ ፔቶንግታርንን በነሐሴ 2025 ያው ፍርድ ቤት ከሥልጣን አነሣቸው። ታክሲን ራሱም በመስከረም 2025 ወኅኒ ወረደ።

በ1932 አዋጁ የተነበበበትን ቦታ የምታመለክተው የነሐስ ሰሌዳ 20ኛው ሕገ መንግሥት በታወጀበት በሚያዝያ 2017 ከንጉሡ አደባባይ ተነቅላ ጠፋች። በቦታዋ ዘውዱን የሚያወድስ ሌላ ሰሌዳ ተገጥሞ ተገኘ። በአካባቢው የነበሩት 11 ካሜራዎች አስቀድመው ተነሥተው ስለነበር ሌባው አልታየም ተባለ። በመስከረም 2020 ተማሪዎች ከታማሳት አጠገብ፣ በ1976 ሬሳ በተሰቀለበት በዚያው ሜዳ ላይ፣ አገሪቱ የሕዝብ ናት የሚል አዲስ ሰሌዳ በሲሚንቶ ገጠሙ። በማግስቱ ሲነጋ ሲሚንቶው ብቻ ቀርቶ ነበር።